ከክረምት ዕረፍት በኋላ ቤቱን ወደ ትምህርት ሥርዓት መመለስ፦ ከነሐሴ 21 ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ

ነሐሴ ሲጋመስ ደሴ ውስጥ፣ በምዝገባ ሰልፍም ይሁን በገበያ፣ ወላጆች የሚያስቆሙኝ በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ቲቸር፣ ልጆቹ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ተኝተው ረፋድ ላይ ነው የሚነሡት፤ ትምህርት ሲከፈት ምን ይዋጠኝ?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ መንገድ ላይ ቆሜ የምመልሰው ሁልጊዜ ጎዶሎ ስለሚሆንብኝ፣ በቤቴ ከሦስት ልጆች ጋር የምሠራበትንና በክፍሌ ላሉት ተማሪዎች ወላጆች የምነግረውን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። መመሪያው 18 ቀን ይፈልጋል። ነሐሴ 21 ቢጀምሩ፣ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት መስከረም 3 ላይ ይጨርሳሉ፤ እንደ 2019 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ደግሞ መስከረም 2 ላይ ያበቃል። ነሐሴ 21ን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት ፍልሰታ አለ፣ ቡሄ አለ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ደግሞ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ስለሚጨፈር፣ በእነዚያ ቀናት ልጅን በጊዜ አስተኛለሁ ማለት ከልጁም ከሰፈሩም መጣላት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የሚቀሰቅስ ሰዓት ወይም አላርም ያለው ስልክ፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀትና እስክርቢቶ፤ ያለፈው ዓመት ደብተሮች፣ ያልተጻፈባቸው ገጾች ያሏቸው ቢሆኑ ይመረጣል፤ መብራት ሲጠፋ የሚተካ የሶላር መብራት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቅያሪ ዩኒፎርም፣ ካልተቻለ አንድ ዩኒፎርምና ሁለት ሸሚዝ፤ ሹራብ፤ ለጭቃ የሚሆን የላስቲክ ጫማ፤ ጃንጥላ ወይም የዝናብ ልብስ፤ ምሳ ዕቃና የውኃ ኮዳ። ደብተር መሸፈኛ፣ ላጲስና መቅረጫ የመሳሰሉትን ትምህርት ቤቱ ዝርዝሩን ሲሰጥ ስለሚገዟቸው እዚህ አልቆጠርኋቸውም።

1. የመነሻ ሰዓቱን ከደወሉ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ይወስኑ።

«በጧት ይነሣ» የሚለው ትእዛዝ ሰዓት ስለሌለው በየቀኑ ያከራክራል። ደወሉ 2 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ለሰልፍ 10 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ካለበትና በጭቃ መንገድ 35 ደቂቃ የሚሄድ ከሆነ፣ ልጅዎ ከቤት የሚወጣው 1፡15 ላይ ነው። ከዚያ ላይ ለቁርስ 20፣ ለመታጠብና ለመልበስ 25፣ ሁልጊዜ ለሚጠፋው አንድ ካልሲ ደግሞ 15 ደቂቃ ሲቀንሱ 12፡15 ይመጣል። የ15 ደቂቃዋን መጠባበቂያ አይዝለሏት፤ እሷ በሌለችበት ቤት ጧቱ የሚጀመረው በጩኸት ነው። ሒሳቡን በወረቀቱ ላይ ጽፈው ልጁ በሚያየው ቦታ ይለጥፉት፤ ሰዓቱ ከእናቱ አፍ ሳይሆን ከወረቀቱ የመጣ ሲሆን ልጁ የሚከራከረው ከወረቀቱ ጋር ይሆናልና።

ልጅዎ የከሰዓት ፈረቃ ቢደርሰውም ከ1 ሰዓት በኋላ እንዲነሣ አይፍቀዱ። ፈረቃው በሚቀያየርበት ትምህርት ቤት፣ ረፍዶ መነሣት የለመደ ልጅ የጧት ፈረቃ በደረሰው ቁጥር ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ይጀምራል።

2. የመኝታ ሰዓቱን ከዕድሜው ጋር ያዛምዱ።

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የቀን እንቅልፉን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። 12፡15 ላይ የሚነሣ የ8 ዓመት ልጅ 10 ሰዓት እንዲተኛ ከተፈለገ ማታ 2፡15 ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል፤ ስለዚህ ወደ አልጋው የሚሄደው 2 ሰዓት ላይ ነው። የ15 ዓመት እኅቱን ግን በዚያው ሰዓት ከእርሱ ጋር ቢያስተኟት ጣራ ስትቆጥር ታመሻለች፤ ለእሷ 3፡15 ይበቃታል።

3. ከመነሻው እንጂ ከመኝታው አይጀምሩ።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ልጅን በሰዓቱ መቀስቀስ በእጅዎ ነው፤ እንቅልፍ እንዲወስደው ማዘዝ ግን አይችሉም። ረፋድ 2፡30 ላይ የተነሣን ልጅ ማታ 2 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ቢያስገቡት ነቅቶ የቆየው ጊዜ ገና ስላልሞላ ይገላበጣል፣ ውኃ ይጠይቃል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል፤ እርስዎም ይቆጣሉ፤ በዚህ መካከል አልጋው የጠብ ቦታ ይሆናል። ጧት ከተቀሰቀሰ ግን ማታ እንቅልፉ ራሱ ይፈልገዋል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ልጁ አሁን ማታ 4፡30 ተኝቶ ጧት 2፡30 የሚነሣ ቢሆን፣ እስከ 12፡15 ለመድረስ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ መጎተት አለበት። በየሁለት ቀኑ 15 ደቂቃ ቀድመው ይቀስቅሱት፦ ነሐሴ 21 እና 22 በ2፡15፣ ነሐሴ 23 እና 24 በ2 ሰዓት፣ ነሐሴ 25 እና 26 በ1፡45፣ እንዲህ እያሉ ይቀጥሉ። 9 ጊዜ ሲያሳጥሩ 18 ቀን ይሆናል። የመኝታውንም ሰዓት በዚያው ልክ ቀደም ያድርጉት፤ ነገር ግን ልጁ ገና እንቅልፉ ካልመጣ አያስጨንቁት፣ የጧቱን ሰዓት ብቻ አጥብቀው ይያዙ።

እንደ ተነሣ ወዲያው ወደ ብርሃን ያውጡት። ሰውነት ቀኑ መቼ እንደ ጀመረ የሚያውቀው በዓይን በሚገባው የጧት ብርሃን ነው፤ የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ የሚመጣበት ሰዓትም ከዚያ ይቆጠራል። በነሐሴ ጧት የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ሰማዩ ቢጨልምብዎ እንኳ፣ የደጁ ብርሃን ከቤት ውስጥ አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ፊቱን ደጅ ይታጠብ፣ ወይም ዶሮዎቹን እንዲፈታ፣ ዳቦ እንዲገዛ ይላኩት፤ 15 ደቂቃ በቂ ነው። ለሱብሂ ሶላት ወይም ለኪዳን ጸሎት ቤተሰቡ አስቀድሞ በሚነሣበት ቤት ይህ ደረጃ ይቀላል፤ ልጁን ወደዚያ ሰዓት ማስጠጋት እንጂ አዲስ ሰዓት መፍጠር አያስፈልግም።

ዘግይተው ደርሰው ትምህርት ሊከፈት አንድ ሳምንት ብቻ ከቀረዎት በየቀኑ 20 ደቂቃ እየቀነሱ ይሂዱ። ይሠራል፤ ነገር ግን ልጁ በዚያ ሳምንት ነጭናጫ እንደሚሆን አውቀው ይግቡበት።

4. የቤቱን ምሽት ያስተካክሉ።

ይህ ደረጃ የሚመለከተው ልጁን ሳይሆን እርስዎን ነው። በክረምት የብዙዎቻችን ቤት ቡና የሚፈላው ከእራት በኋላ ነው። አቦሉ 3 ሰዓት ላይ ይቀዳል፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ጎረቤት ገብቷል፣ ልጁም ከረከቦቱ አጠገብ ተጋድሞ ፈንዲሻ ይለቅማል። ልብ ብለው ቢያዩት ቶና ላይ ዓይኑ ይከደናል፣ አንገቱም ይዘነብላል፤ ሰው «ተው ይተኛ» እያለ ሲስቅ ይነቃል፤ በረካ ሲደርስ እንቅልፉ አልፎበት ከሁሉም በላይ የሚያወራው እርሱ ነው። ያንን የቶናዋን እንቅልፍ ያሳለፈ ልጅ ደግሞ ቶሎ አያገኛትም።

ስለዚህ ቡናውን አያስቀሩት፣ ያዛውሩት። እኔ ቤት አማቴን «እማማ፣ ቡናውን 11 ሰዓት ላይ ብናደርገውስ?» ብዬ ብጠይቃቸው «ልጆቹን ልታስተኚ ነው ወይስ እኔን?» አሉኝ፤ ነገር ግን ሦስተኛው ቀን ላይ ረከቦቱን በጊዜ ያቀረቡት እርሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ የምሽቱ ቅደም ተከተል ይህ ይሁን፦ እራት 1 ሰዓት ላይ፤ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ቴሌቪዥንና ስልክ ማጥፋት፤ እግር መታጠብ፤ ቦርሳ ማዘጋጀት፤ መኝታ። በሙስሊም ቤት ከኢሻ ሶላት በኋላ ሌላ ሥራ ካልተጀመረ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ በየምሽቱ አንድ ዓይነት ሲሆን ልጁ እግሩን ሲታጠብ ጀምሮ ሰውነቱ ለእንቅልፍ ይሰናዳል፤ ዛሬ ከእራት በፊት፣ ነገ ከእራት በኋላ የሚታጠብ ከሆነ ግን ይህ ጥቅም ይቀራል።

ለልጅ ከ9 ሰዓት በኋላ ቡናም ሆነ የወፈረ ሻይ አይስጡ፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው ካፌይን ከተጠጣ 5 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ እንኳ ግማሹ ገና ከሰውነት አይወጣም። የልጆቹ ስልክም ሌሊቱን ከእርስዎ ክፍል ይደር። ትራስ ሥር የሚያድር ስልክ ምን እንደሚያደርግ የጧት ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ያውቃል።

5. ከገጠር የሚመለሰውን ልጅ ለብቻው ያስቡት።

ክረምቱን አምባሰል፣ ኩታበር ወይም ተሁለደሬ አያቱ ዘንድ ያሳለፈ ልጅ የእንቅልፍ ችግር የለበትም፤ ከከብቶቹ ጋር በጎህ ሲነሣ ነው የከረመው። ይህ ልጅ ከተማ ሲገባ ረፍዶ ከሚነሣው ወንድሙ ጋር አምሽቶ ያንን መልካም ልማድ በ4 ቀን እንዲያጣ አይተዉት። የእርሱ ችግር ሌላ ነው፦ እጁ ማረሚያና ዱላ ይዞ ስለከረመ እስክርቢቶ ይከብደዋል፣ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ መዋልም ያንቆራጥጠዋል። ስለዚህ ቢቻል ጳጉሜን 1 ሳይደርስ ያስመጡትና ደረጃ 7ን ከእርሱ ጋር ይጀምሩ።

ሲመጣ ራሱን ለቅማል፣ የጣቶቹን መካከል ለእከክ፣ እግሩን ለቁስል ይዩለት፤ ጥፍሩን ይቁረጡለት፤ ሆዱን የሚያመው ከሆነ ወይም ወስፋት ካዩበት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የሚያሳክከው ልጅ ሌሊቱን ስለማይተኛ የ18 ቀኑ ልፋት በእከክ ምክንያት ብቻ ሊበላሽ ይችላል።

6. ዩኒፎርሙን አስቀድመው ይጠቡ።

ነሐሴና ጳጉሜን ላይ በደሴና በዙሪያዋ ደጋ የታጠበ ወፍራም ጨርቅ ለመድረቅ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ የማጠቢያውን ቀን የሚወስኑት እርስዎ አይደሉም። እኔ አንድ ዓመት የትንሹን ልጄን ሱሪ ትምህርት ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው አጥቤ፣ ጧት በካውያ እየተኮስሁ ሳደርቅ መብራት ጠፋና፣ ልጁ ወገቡ እርጥብ በሆነ ሱሪ ሄዶ ሳምንቱን በሳል ጨረሰ። ስለዚህ ነሐሴ 25 አካባቢ ያውጡት፣ ያስለኩት፣ ያጠረውን ያስረዝሙ፤ ልጆች በክረምት ስለሚያድጉ የዓምና ሱሪ ልክ ነው ብሎ ማመን አይቻልም። ከዚያ አጥበው፣ አድርቀው፣ በፌስታል ቋጥረው ያስቀምጡ። ክረምት በቁጥር የሚወጣው መስከረም 25 ስለሆነ የላስቲክ ጫማውን ከበር አጠገብ አያንሡ። የረጠበ ቆዳ ጫማ ውስጥ የተጨማደደ ጋዜጣ ወስውሰው ቢያሳድሩት እርጥበቱን ይመጥለታል።

7. በቀን 20 ደቂቃ ብዕር ያስይዙት።

ዓላማው አዲስ ትምህርት ማስተማር ሳይሆን መቀመጥን መመለስ ነው። ከጧቱ ቁርስ በኋላ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በዓምናው ደብተር ላይ፦ 5 ደቂቃ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ 10 ደቂቃ የቃል ጽሕፈት ወይም ግልበጣ፣ 5 ደቂቃ የማባዣ ሠንጠረዥ። ሰዓቱ ሲሞላ በመሃል ቢሆንም ያስቁሙት፤ «ይቺን ጨርስ» እየተባለ ወደ አንድ ሰዓት የሚለጠጥ ጥናት በማግሥቱ ልጁን ያሸሸዋል። ጳጉሜን ላይ ወደ 30 ደቂቃ ማሳደግ ይቻላል።

8. ቁርስንና ምሳ ዕቃን ያለማምዱ።

ረፋድ 4 ሰዓት ላይ መብላት የለመደ ሆድ 12፡45 ላይ ምግብ አይቀበልም፤ ስለዚህ የቁርሱ ሰዓት ከመነሻው ጋር አብሮ ይሳብ። መጀመሪያ በቀላሉ፣ በጥቂት በሶ ወይም በቁራሽ ዳቦ ይጀምሩ፤ በሳምንቱ ፍርፍሩን መብላት ይጀምራል።

ምሳ ዕቃን በተመለከተ በእኛ አካባቢ አንድ ነገር ይታወስ። እዚህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ አንድ ላይ ምሳውን ከፍቶ ይጎራረሳል፤ ሥጋ የያዘ ልጅ ግን ማጉረስም መጉረስም አይችልም። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች ወይም እንቁላል ይቋጠርለት፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ጓደኞች ካሉት በእነዚያ ቀናት እንቁላሉንም ይተዉት። ገና ጓደኛ ለሚፈልግ የአንደኛ ክፍል ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

9. ጧቱን ሁለት ጊዜ ይለማመዱት።

ጳጉሜን ላይ ሁለት ቀን መርጠው፣ ዩኒፎርም ሳያስለብሱ፣ ቦርሳ አሸክመው፣ በትክክለኛው ሰዓት ከቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በር በእግር ይሂዱ፤ ሰዓቱንም ይመዝግቡ። በሐምሌና ነሐሴ ጎርፍ የተቆረጠ አቋራጭ፣ የተሰበረ የእንጨት ድልድይ፣ የጠለቀ ወንዝ የሚታወቀው በዚህ ቀን ነው። 35 ደቂቃ ብለው ያሰቡት 50 ቢሆን፣ የደረጃ 1ን ወረቀት ያስተካክሉ።

10. መስከረምን በዓል በበዓል ይለፉት።

ሥርዓቱ ገና ሳይጸና መስከረም 16 ደመራ፣ 17 መስቀል፣ 21 ደግሞ የግሸን ማርያም ንግሥ ይመጣሉ፤ አምባሰል የሚወጣ ቤተሰብ ሁለት ሦስት ቀን መንገድ ላይ ሊያድር ይችላል። መውሊድም በጨረቃ ስለሚቆጠር በየትኛውም ሳምንት ሊገባ ይችላል። ደንቡ ይህ ነው፦ በበዓል ማታ መኝታው ሊሰበር ይችላል፣ የጧቱ መነሻ ግን ከተለመደው ከአንድ ሰዓት በላይ አይዘግይ። በማግሥቱ ቢደክመው ቀትር ላይ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ ሸለብ ያድርግ። ቅዳሜና እሑድም እንዲሁ።

ማስጠንቀቂያ

ዩኒፎርም ለማድረቅም ሆነ ክፍል ለማሞቅ የከሰል ማንደጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አያሳድሩ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ጭሱ ስለጠፋ አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ካሉ እንደ ኮምቦልቻ፣ ባቲና ቆቦ ካሉ ቦታዎች የተመለሰ ልጅ ቢያተኩሰው፣ ራሱን ቢያመው ወይም ከአልጋ መነሣት ቢያቅተው «ሰንፎ ነው» ብለው አይቀስቅሱት፣ የዚያኑ ዕለት ለደም ምርመራ ይውሰዱት። ወባ ትንኟ ከነከሰችው ከ7 ቀን በኋላም፣ ከዚያ ዘግይቶም ሊወጣ ይችላል፤ ዝናቡ ሲያባራ ከመስከረም ጀምሮም ይበረታል።

እንቅልፍ ለማስመጣት ብለው የጉንፋን ሽሮፕ ወይም ሌላ የሚያስተኛ መድኃኒት ለልጅ አይስጡ። ወንዝ ተሻግሮ የሚማር ልጅ ዝናብ በዘነበ ዕለት ብቻውን አይሂድ፤ ቦርከናን የመሰለ ወንዝ የሚሞላው እርስዎ ባሉበት ሳይሆን ከላይ በዘነበው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

አንደኛው ሁሉንም በእንቁጣጣሽ ማግሥት መጀመር ነው። በአንድ ሌሊት ከሁለት ሰዓት በላይ የተሳበ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ክፍል ውስጥ አፉን እየከፈተ ያሳልፋል፤ እኔም ያኔ የማስተምረው ለግድግዳው ነው።

ሁለተኛው አልጋን መቅጫ ማድረግ ነው። «ካልተማርህ ትተኛለህ» የተባለ ልጅ መኝታን እንደ ቅጣት ስለሚቆጥረው በየምሽቱ ይታገልዎታል።

ሦስተኛው በየተራ የሚለያይ ትእዛዝ ነው። እናት 2 ሰዓት ብላ፣ አባት ኳስ አብሮት እስኪያይ አስቀምጦት፣ አያት ደግሞ «አበሽር የኔ ጌታ፣ ነገ ትተኛለህ» ካሉት፣ ልጁ የሚሰማው የመጨረሻውን ነው። ወረቀቱን ከመለጠፍዎ በፊት አዋቂዎቹ ለብቻቸው ይነጋገሩ።

አራተኛው አላርሙን ልጁ እጁ በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ነው። እጁን ዘርግቶ ካጠፋው ተመልሶ ይተኛል፤ ሰዓቱን ከክፍሉ ወዲያ ጥግ፣ ተነሥቶ ሄዶ ብቻ በሚያጠፋው ቦታ ያስቀምጡት፤ ከአጠገቡም ሹራቡን ያኑሩለት፣ የደሴ ጧት ያለ ሹራብ ከብርድ ልብስ አያስወጣምና።